በስኬል ቲዩን ከፍ ያደረግኳት ኖታ ኮርድ ውስጥ ለምን ትናከሳለች? 19፣ 24 ወይስ 31 እኩል ክፍፍል?

ሙጋድ ኪቦርድ (ደሴ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ደሴ ነኝ፤ ማታ ማታ አንድ የባህል ምሽት ቤት ኪቦርድ እጫወታለሁ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሰርግ። አብረውኝ ማሲንቆ፣ ክራርና ከበሮ አሉ። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ማሲንቆ ተጫዋቻችን አንቺሆዬ ሲይዝ ሁለተኛዋ ኖታ እኔ ኪቦርድ ላይ የለችም። ከሲ ከተነሳን እኔ ዲ ፍላት እጫናለሁ፣ እሱ ግን ከዚያ ከፍ ብሎ ነው የሚያርፈው። ስልኬ ላይ ባለው ቲዩነር ሳየው 30 ሴንት አካባቢ ይበልጠኛል፤ አንዳንዴ 25፣ አንዳንዴ 35፣ እንደ ማታው ስሜት። (ለማያውቅ፦ ከአንድ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ 100 ሴንት ነው፣ ሙሉ ኦክታቭ 1200።) ስለዚህ ስኬል ቲዩን ውስጥ (እያንዳንዷን ኖታ ለብቻዋ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው የኪቦርዱ ክፍል) ገባሁና ዲ ፍላትን 30 ከፍ አደረግኳት። ዜማው ሸጋ ሆነ። ዘፋኟ ራሷ መሐል ላይ ዞር ብላ አየችኝ።

ችግሩ ኮርድ ስይዝ ነው። ግራ እጄ ጂ ፍላትንና ዲ ፍላትን አብሮ ከያዘ፣ በተለይ በኦርጋን ሳውንድ፣ ዋ-ዋ-ዋ-ዋ እያለ ይንቀጠቀጣል፣ ጥርስ ያፋጫል። የሚገርመኝ፣ ያንኑ በፍሉት ሳውንድ ስይዘው ያን ያህል አይሰማም። በክራር ሳምፕል ስመታው ደግሞ ጭራሽ ምንም አይል። ኖታዎቹ ያው ናቸው፣ ቁጥሩም ያው ነው!

አዲስ አበባ ስቱዲዮ የሚሠራ ጓደኛዬ «12ቱን ተወውና ኦክታቩን 19 ወይ 31 ቦታ እኩል ክፈለው» አለኝ። ላፕቶፔ ላይ ስርጅ የሚባለውን ነጻ ሲንተሳይዘር ጫንኩና በስካላ ፋይል (የክፍፍሉ ቁጥሮች የተጻፉበት ፋይል) 19ኙን ሞከርኩ። ማይነር ኮርዱን ወላሂ እንዲህ ንጹሕ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም። ሜጀሩም ከወትሮው ረጋ ያለ ነው። አምስተኛው ግን፣ ሲ ከጂ ማለቴ ነው፣ ቀስ እያለ ይዋዥቃል፤ በ12ቱ እንዲህ አይልም ነበር። 24ትንም ሞክሬ ኮርዱ ላይ ምንም ለውጥ አልሰማሁም።

እና የትኛው ክፍፍል ነው ለአራቱ ቅኝቶች የሚሆነው? ደግሞስ አንድ ኮርድ በአንዱ ሳውንድ ተጣልቶ በሌላው የሚታረቀው ለምንድን ነው? ባቲም አምባሰልም የዚሁ የኛ አገር ስሞች ናቸው፤ ባቲን ለመጫወት የፋብሪካ ኪቦርድ ፈቃድ መጠየቅ ሰልችቶኛል።

ሰኞ ገበያ ባንድ

ወንድሜ ለምን ራስህን ታደክማለህ። የዐረብ ስኬል ያለው ኪቦርድ ግዛ፣ ሩብ ቶን አለው፣ አለቀ ደቀቀ። እነሱ ቅኝታቸው ከኛ በላይ የተወሳሰበ ሆኖ እንኳ በሱ ይሠሩበታል። 19፣ 31 የሚባለው የፈረንጅ ሥራ ፈትነት ነው። ሰርግ ላይ ማን ነው ሴንት የሚቆጥር?

ዲያፍራም (ኮምቦልቻ)

አብሽር የሙጋዱ፣ ጆሮህ ደህና ነው። ኪቦርድህም አልተበላሸም። እኔ ኮምቦልቻ ስፒከርና አምፕሊፋየር ጠጋኝ ነኝ፤ ድምፅን ያወቅኩት በጣት ሳይሆን በኦሲሎስኮፕ ነው፤ ስለዚህ መልሴ ቁጥር ይበዛበታል፣ ታገሠኝ።

ከዋ-ዋው ልነሳ። ኦርጋን ላይ አንድ ቁልፍ ስትጫን የሚወጣው አንድ ድምፅ ብቻ አይደለም። 100 ኸርዝ (በሰከንድ 100 ንዝረት) ብትመታ 200ው፣ 300ው፣ 400ው፣ 500ው አብረው ይወጣሉ፤ ሃርመኒክ የሚባሉት እነሱ ናቸው። ሁለት ኖታ አብረህ ስትይዝ የአንዱ ሃርመኒክ ከሌላው ሃርመኒክ ጋር ይገናኛል። ልክ አንድ ቦታ ከዋሉ ሰላም ነው። ትንሽ ከተላለፉ በልዩነታቸው ልክ ይንቀጠቀጣሉ፤ 5 ኸርዝ ከተለያዩ በሰከንድ 5 ጊዜ ዋ ይላል። ሄልምሆልትዝ የተባለው ጀርመናዊ በ1863 ባሳተመው መጽሐፍ የድምፆችን መስማማትና አለመስማማት ያስረዳው በዚሁ ነው፦ ዋ-ዋው ፈጥኖ ሻካራ ሲሆን ጆሮ ተጣሉ ይላል።

አሁን ያንተን ኮርድ እናስላው። የግራ እጅህ ጂ ፍላት 185 ኸርዝ ነው፤ ሦስተኛ ሃርመኒኩ 555። ከበላዩ ያለችው ዲ ፍላት በ12ቱ 277.2 ናት፤ እጥፏ 554.4። ልዩነቱ ከአንድ ኸርዝ በታች ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም። አንተ 30 ሴንት ስትገፋት 282 ሆነች፣ እጥፏ 564። ስለዚህ በሰከንድ 9 ጊዜ ዋ ይላል ማለት ነው። ይህ የታችኞቹ ብቻ ነው። ከላይ 6ኛው ከ4ኛው ጋር 18 ጊዜ፣ 9ኛው ከ6ኛው ጋር 27 ጊዜ ይፋጫሉ። ጥርስህን ያፋጨው እሱ ነው።

ፍሉት ሳውንድ ላይ የላይኞቹ ሃርመኒኮች ደካሞች ናቸው፤ የሚጋጨው ነገር ራሱ ጥቂት ነው። ዋሽንትም እንዲሁ ነው። የክራር ምክንያት ሌላ ነው፤ ክሩ ከተመታ በኋላ ቶሎ ይሞታል፣ ከሁሉም ቀድመው የሚሞቱት ደግሞ የላይኞቹ ሃርመኒኮች ናቸው። ዋ-ዋው ሊታወቅህ ሲል ድምፁ አልቋል። ኦርጋን ግን ጣትህን እስክታነሳ ድረስ አይለቅህም።

ወደ ክፍፍሎቹ። ንጹሕ የሚባለው ሜጀር ሦስተኛ፣ ከሲ እስከ ኢ፣ የንዝረታቸው ንጽጽር 5 ለ 4 ነው፤ 386 ሴንት። ማይነሩ 6 ለ 5፣ 316 ሴንት። አምስተኛው 3 ለ 2፣ 702። በ12ቱ ሜጀሩ 400 ነው፤ ከመካከለኛው ሲ ላይ ከያዝከው በሰከንድ 10 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ማይነሩ 300፣ በሰከንድ 14 ጊዜ። ለምደነው ነው እንጂ ሸካራ ነው! አምስተኛው ግን 700 ስለሆነ በሰከንድ አንድም አይሞላ። 19ኙ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ አምስተኛው 695 ሆኖ በሰከንድ 3 ጊዜ ይዋዥቃል፣ አንተ የሰማኸው እሱን ነው። ሜጀሩ 379፣ ከ5 እስከ 6 ጊዜ። ማይነሩ ግን 315.8 ነው፤ አንድ ዋ ለማለት 7 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ወላሂ ያስባለህ እሱ ነው። 31ዱ ላይ ሜጀሩ 387 ይሆንና በሁለት ሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል ብቻ ይነቀነቃል፤ አምስተኛው 697፣ በሰከንድ 2 ጊዜ ከምናምን። ሆላንዳዊው ሃይገንስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስለ 31ዱ ጽፏል፤ በ1950 ደግሞ ፎከር የሚባል የፊዚክስ ሰው ሃርለም ከተማ በዚሁ ክፍፍል ኦርጋን አሠርቷል። 53ቱ ሜጀሩንም (385) አምስተኛውንም (701.9) ይይዝልሃል፣ የሚበቃ ጣት ካለህ።

የሰኞ ገበያው ወንድም፣ የዐረቡ ኪቦርድ ለዜማ ይጠቅማል፣ አልክድም። ግን 24 ማለት በ12ቱ መሐል መሐል አንድ አንድ ቁልፍ መጨመር ነው። አሮጌዎቹ ኖታዎች ንቅንቅ አላሉም። 400ው እዚያው 400 ነው፣ 700ውም 700። አዲስ የሚመጡት 150፣ 350፣ 550 እና ወንድሞቻቸው ናቸው። ጠያቂው ኮርዱ ላይ ለውጥ አልሰማሁም ያለው ለውጥ ስለሌለ ነው።

አሁን የራሴን ሐሳብ ልበል። እኩል ክፍፍል እድር ነው፤ አንዱ ላይ የሚወድቀውን ጉዳት ሁሉም አዋጥተው ይከፍሉታል። መዋጮው ያስፈለገው ፒያኖ በአንድ ቁራጭ ውስጥ ከቤት ቤት ስለሚዞር ነው፤ ከሲ ተነስቶ በኤ ፍላት ዞሮ በኢ ይመለሳል። የኛ ዘፈን ግን በአብዛኛው ከተጀመረበት ቤት አይወጣም። አምስት ኖታ ነው ያለህ። ለማትሄድበት ቤት ለምን ታዋጣለህ? አምስቱን ብቻ በንጹሕ ቃኛቸው።

ባቲ ሜጀርን ውሰድ፦ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ። ስኬል ቲዩን ላይ ኢን በ14 ዝቅ፣ ኤፍን በ2 ዝቅ፣ ጂን በ2 ከፍ፣ ቢን በ12 ዝቅ አድርግ። ሲ–ኢ–ጂ ንጹሕ ይሆናል፤ ኢ–ጂ–ቢም ንጹሕ ይሆናል። አራት ቁጥር፣ ባለህ ኪቦርድ። ላፕቶፕ ተሸክሞ ሰርግ መሄድ የለም።

ትዝታ ሜጀር ላይ ነው ነገሩ የሚከረው። ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ። ዲን በ4 ከፍ፣ ኢን በ14 ዝቅ፣ ጂን በ2 ከፍ፣ ኤን በ16 ዝቅ ብታደርግ ሲ–ኢ–ጂም ኤ–ሲ–ኢም ያምራሉ። እስኪ ዲንና ኤን አብረህ ያዝ። 702 መሆን የነበረበት 680 ሆኖ ታገኘዋለህ፤ በሰከንድ 11 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ኤን ከፍ አድርገህ ከዲ ጋር ብታስታርቃት ከኢና ከሲ ጋር ትጣላለች። ይህች 21.5 ሴንት ኮማ ትባላለች፤ አምስት ኖታ ውስጥ እንኳ መደበቂያ አታጣም። 12ቱም፣ 19ኙም፣ 31ዱም አምስተኞቹን ትንሽ ትንሽ እየቀነሱ የሚያጠፏት እሷን ነው። 53ቱ አያጠፋትም፤ ያን ሁሉ ቁልፍ ሠርተህም እዚያው ቁጭ ብላ ትጠብቅሃለች። ስለዚህ እኩል ክፍፍል ለቅኝታችን የሚረባበት ቦታ አለ ከተባለ ትዝታ ሜጀር ነው፤ እዚያም ቢሆን ዲንና ኤን በአንድ ጊዜ አለመያዝ ይቀላል።

ያንተ አንቺሆዬ፦ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ። እዚህ ውስጥ ከመነሻው ሲ በላይ ጂ የለችም፤ የለመድከው ኮርድ መቆሚያ አጥቶ የሚንሳፈፈው ለዚህ ነው። ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ኤ ደግሞ ሦስት ሜጀር ሦስተኛ ተደራርበው ኦክታቭ ይሞላሉ። በ12ቱ 3 ጊዜ 400፣ 1200 ገጠመ። ንጹሑ ግን 3 ጊዜ 386 ነው፤ 1159፣ 41 ሴንት ይጎድላል። ሦስቱንም ንጹሕ አድርጎ የሚይዝልህ ክፍፍል የለም፣ አትድከም። ኤፍ–ኤ–ሲ ግን አለችልህ። ኤፍን በ2፣ ኤን በ16 ዝቅ አድርግና እሷ ላይ ተቀመጥ። ዲ ፍላትን ለባለቤቱ ለማሲንቆው ተውለት፤ በቀኝ እጅህ ዜማው ውስጥ 30 ከፍ አድርገህ ንካት፣ በግራህ ግን አትያዛት።

ሙጋድ ኪቦርድ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ባቲውን ዛሬ ከሰዓት መብራት እስኪጠፋ ድረስ ሞከርኩት። ኢ–ጂ–ቢ በኦርጋን ሳውንድ ስይዘው ድምፁ ቆመ፣ ምንም አይነቃነቅም፤ መጀመሪያ ቾረስ (ድምፁን የሚያወዛውዘውን ኤፌክት) ያጠፋሁ መስሎኝ ነበር። ትንሽ ደረቅ አለብኝ ልበል?

ሁለት ነገር ቀረኝ። ዘፋኟ ከሲ ሳይሆን ከጂ ወይ ከኤ ነው የምትነሳ፤ ትራንስፖዝ ሳደርግ (ኪቦርዱን በሙሉ ወደ ሌላ መነሻ ሳዛውር) ቁጥሮቹ አብረው ይሄዳሉ? ሌላው፣ ጸቡ የሃርመኒክ ከሆነ ሃርመኒኩን ራሱን ከ19ኙ ጋር እንዲገጥም አድርጎ ሳውንድ መሥራት አይቻልም?

ጭራና ደጋን

ማሲንቆ ተጫዋች ነኝ፣ ያው የናንተው አገር ልጅ። ጣልቃ ልግባ።

30 የምትሏት ነገር ቋሚ ቁጥር አይደለችም። ዜማው ወደ ላይ ሲወጣ ጣቴ ከፍ ይላል፣ ሲመለስ ዝቅ ይላል፤ ቃሉ ሆድ የሚያባባ ከሆነ ደግሞ ኖታዋ ላይ አልቆምም፣ ተንሸራትቼ ነው የማልፈው። አንድ ክር ነው ያለኝ፣ የሚጣላኝ ሁለተኛ ክር የለም። ጸብ የምሰማው ኪቦርዱ ከኋላዬ ረጅም ኮርድ ሲዘረጋ ብቻ ነው። ያኔ ወይ እሱን እከተላለሁ ወይ እሱን እሸፍናለሁ፤ ሁለቱም ዘፈኑን ይጎዳል። ኪቦርድ ተጫዋቾች እባካችሁ ሰፊ ቦታ ተዉልን። መነሻዋንና አንድ ሌላ ኖታ ብትይዙ ይበቃል። ሦስተኛዋን እኔ አመጣታለሁ።

ሌላ ደግሞ፣ ከደሴ ተነስተን ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ስንገባ የዋሽንቱ ልጅ ሁልጊዜ ከፍ ብሎ ይገኛል፣ ኪቦርዱ ግን እዚያው ነው። እሱን በየትኛው ክፍፍል ልትፈቱት ነው?

ዲያፍራም (ኮምቦልቻ)

ጭራና ደጋን፣ እሱ የሙቀት ጉዳይ ነው። አየሩ 10 ዲግሪ ሲሞቅ ድምፅ ይፈጥናል፣ ዋሽንትም 30 ሴንት ያህል ከፍ ይላል፤ የነፊው ትንፋሽ ቀድሞ ስለሚያሞቀው በተግባር ያንሳል እንጂ። መድኃኒቱ ክፍፍል ሳይሆን ሁሉንም ኖታ አንድ ላይ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው የኪቦርዱ ማስተር ቲዩን ነው። ሁላችሁም ዋሽንቱን ተከተሉ፤ እንጨትና ሸምበቆ በቁልፍ አይቃኝም።

ሙጋድ፣ ትራንስፖዙ እንደ ኪቦርዱ ነው። አንዳንዱ ስኬል ቲዩኑን ይዞ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ጥሎት ይቀራል። አንዲት ኖታ ብቻ 50 ዝቅ አድርግና ትራንስፖዝ ንካ፤ የተበላሸችው ቁልፍ ያችው ከሆነች አብሮ ሄዷል፣ ሌላ ከሆነች ቀርቷል። ከቀረ ለእያንዳንዱ መነሻ አንድ አንድ ሬጂስትሬሽን (ኪቦርዱ የሚያስታውሰው ማስተካከያ) አስቀምጥ። «ደረቅ» ላልከው መልስ የለኝም፤ የ12ቱ ሦስተኛ ሲርገበገብ ስለኖርን እርግብግቡን እንደ ሙቀት ለምደነዋል። ለሰርግ ሰው ትንሽ ቾረስ ብትመልስበት አልቆጣም።

የሃርመኒኩ ጥያቄህ ግን ቁም ነገር ነው፣ አዎ ይቻላል። ፒርስ የሚባል አሜሪካዊ በ1966 ኦክታቭን 8 ቦታ እኩል ከፍሎ፣ ለዚያ የሚሆን ድምፅ በኮምፒውተር ሠርቶ፣ ጨርሶ መግጠም የማይገባቸውን ኖታዎች አስማምቷቸዋል። ሴታሬስ ደግሞ በ1993 ነገሩን በስሌት አስፍቶ አወጣው፤ መስማማት የኖታዎቹ ርቀት ብቻ ሳይሆን የርቀቱና የድምፁ ዓይነት ጋብቻ ነው የሚል ነው። ለ19ኙ ላስላልህ። ሦስተኛው ሃርመኒክ 3 እጥፍ መሆኑ ይቅርና 2.9875 እጥፍ ይሁን፤ አምስተኛው 5 ሳይሆን 4.9788፣ ስድስተኛው 5.975። 2 እና 4 ባሉበት ይቆዩ። ከስድስት ሳይን ሞገድ (ሃርመኒክ የሌለው ነጠላ ድምፅ) እንዲህ አድርገህ ስትሠራው የ19ኙ አምስተኛ መዋዠቁን ፍጹም ይተዋል፤ ሜጀሩም ማይነሩም ዝም ይላሉ። ድምፁ ለብቻው ሲሰማ የተለየ መሆኑን የሚለይ ሰው ጥቂት ነው።

ግን ከጎንህ ማሲንቆ አለ። በደጋን የሚሳብ ክር ሃርመኒኮቹ ልክ 2፣ 3፣ 4፣ 5 እጥፍ ናቸው፣ ደጋኑ ራሱ እየያዘ እየለቀቀ በአንድ ዙር ስለሚያስገባቸው። አንተ 2.9875 ላይ ስትቆም እሱ 3 ላይ ነው። ከኪቦርዱ ውስጥ ያስወጣኸው ጸብ በማሲንቆውና በአንተ መካከል ይገባል። ለብቻህ ስቱዲዮ ውስጥ ከሆንክ ተጫወትበት፣ ለምሽት ቤቱ ግን አይሆንም።

አንድ ጨምር። ፕሎምፕና ሌቬልት በ1965 እንዳሳዩት ሁለት ንጹሕ ሳይን ሞገዶች እጅግ የሚሻክሩት በጣም ተቀራርበው ሳለ ነው፤ ከተወሰነ ርቀት ካለፉ ሻካራነቱ ይጠፋል። ያ ርቀት ግን በወፍራም ድምፅ በኩል ሲወርዱ በሙዚቃ መለኪያ እየሰፋ ይሄዳል። ስለዚህ በየትኛውም ክፍፍል፣ የፈለገ ንጹሕ ቢሆን፣ ግራ እጅህ ባስ ላይ ሦስተኛ ከያዘ ይደፈርሳል። ከታች መነሻዋን ብቻዋን፣ ወይ ከአምስተኛዋ ጋር ያዝ፤ ሦስተኛዋን ከመካከለኛው ሲ በላይ አውጣት።

ሮቢት (ወሎ ዩኒቨርሲቲ)

የፊዚክስ ተማሪ ነኝ፣ ክራርም ትንሽ ትንሽ እነካለሁ። ጋሼ ዲያፍራም ያሉት ስሌት ልክ ነው፣ እኔም ደግሜ ሠርቼዋለሁ። በሁለት ነገር ግን አልስማማም።

አንደኛ፣ «የኛ ዘፈን ከቤቱ አይወጣም» የሚለው የድሮውን ነው። የዛሬ አቀናባሪ ትዝታ ሜጀር ጀምሮ መሐል ላይ ማይነር ያደርገዋል፣ ሦስተኛው አዝማች ላይ አንድ ቶን ከፍ ያደርጋል። በአራት ቁጥር የተቃኘ ኪቦርድ እዚያ ቦታ ይታነቃል። 31ዱ ሜጀር ሦስተኛውን ንጹሕ ሊባል በሚችል ደረጃ ይዞ የትም ይዞርልሃል፤ ስቱዲዮ ለሚሠራ ሰው እሱ ይሻላል። ሚዲ ፋይሉ (ኮምፒውተሩ የሚጫወተው የኖታ ፋይል) አንዴ ከተጻፈ ጣት አያስፈልገውም።

ሁለተኛ፣ ሻካራነትን ሁሉ እንደ ጠላት አየነው። በገና ላይ ከእያንዳንዱ ክር ሥር ድልድዩ ጋ ቆዳ የሚደረገው ድምፁ ጥርት እንዲል ነው እንዴ? ዝዝዝ እንዲል ነው! ያችን ቆዳ አውጥተህ ስማው፤ ክሩ ድው ብሎ ይሞታል፣ በገና አይባልም። አባቶቻችን ሃርመኒክ በሰፊው ጨምረውበት፣ ከዚያ ክሮቹን አንድ በአንድ እየነኩ እንዳይጋጩ አደረጉት። ማሲንቆውም ያው ነው፤ ሻካራ ድምፅ፣ ነጠላ ዜማ። ጸቡ የመጣው የእነሱን ድምፅ ሳምፕል አድርገን በኮርድ መጫወት ስንጀምር ነው። አንቺሆዬ ላይ ያለው ትንሽ መናከስ ቢጠፋ እኔ ራሴ ደስ አይለኝም፤ ቅኝቱ የሚወጋው በሱ ነው።

ስርጅ ላይ ለሚሞክሩ፦ ፋይሉን ስትከፍቱ የትኛው ቁልፍ መነሻ እንደሆነ ማስተካከል አትርሱ፤ 19 ሲሆን ኦክታቩ ከአንዱ ሲ ወደ ሌላው ሲ ሳይሆን ሰባት ቁልፍ አልፎ ጂ ላይ ነው የሚውለው፤ እጅ እስኪለምድ ያናድዳል።

ሰኞ ገበያ ባንድ

እሺ 24ቱ ኮርዱን አያድነውም፣ ተረታሁ። ግን አሁንም ሰርግ ላይ ሴንት የሚቆጥር የለም።

ሙጋድ ኪቦርድ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትራንስፖዙን በተባለው መንገድ ፈትሼ የኔው ጥሎት የሚቀር ዓይነት ሆኖ ተገኘ፤ ስለዚህ ለጂና ለኤ ሬጂስትሬሽን አስቀመጥኩ። ትናንት ማታ አንቺሆዬ ላይ በግራ እጄ ኤፍና ሲ ብቻ ይዤ ሦስተኛዋን ተውኳት። ማሲንቆው ገና ሲገባ ፈገግ አለ፣ ከዚያ ሲያንሸራትት ሲያንሸራትት አላቆም ብሎ ዘፋኟ መግቢያዋን ጠበቀች። ሮቢት፣ 31ዱን ለቀረጻ እሞክረዋለሁ፤ በገናው ላይ ያልሽው ግን ሲከነክነኝ ነው የዋለ።

ጋሼ፣ አምባሰልንና ባቲ ማይነርን አልነገሩኝም። እሑድ ሰርግ ላይ ሁለቱም አሉብኝ።

ዲያፍራም (ኮምቦልቻ)

አምባሰል ቀላል ነው፤ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። ዲ ፍላት በ12 ከፍ፣ ኤፍ በ2 ዝቅ፣ ጂ በ2 ከፍ፣ ኤ ፍላት በ14 ከፍ። ዲ ፍላት–ኤፍ–ኤ ፍላትም፣ ኤፍ–ኤ ፍላት–ሲም ንጹሕ ይወጣሉ፣ ኮማዋ እዚህ ቤት የለችም። ማሲንቆ ተጫዋቹ ዲ ፍላትን ሌላ ቦታ ከወሰዳት ግን እሱን ተከተል፣ እኔን አትከተል።

ባቲ ማይነር፦ ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት። ኢ ፍላት በ16 ከፍ፣ ኤፍ በ2 ዝቅ፣ ጂ በ2 ከፍ፣ ቢ ፍላት በ18 ከፍ። ሲ–ኢ ፍላት–ጂ እና ኢ ፍላት–ጂ–ቢ ፍላት ያምሩልሃል። ኮማዋ እዚህ በኤፍና በቢ ፍላት መካከል ናት፤ ሁለቱን በአንድ እጅ አትያዛቸው። ዘፈኑ ግድ ካለህ ቢ ፍላትን በ18 ከፍ ከማድረግ ይልቅ በ4 ዝቅ አድርጋት፤ ያኔ ከኤፍ ጋር ትታረቅና ከኢ ፍላት ጋር ትጣላለች፣ የሚቀርብህን ምረጥ።